«ስልክሽን ሰላም በይልኝ»

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 33 ነው። የምኖረው አዘዞ፣ የምሠራው ደግሞ ጎንደር አራዳ ነው። የሀበሻ ልብስ እሰፋለሁ፣ ጥልፍም እጠልፋለሁ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ትልቁ 9 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ 3 ዓመት ተኩል ሆኗታል።

ችግሬ ስልክ ነው። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ እሱ፣ ታክሲ ውስጥ እሱ፣ ሱቅ እሱ፣ ማታም እሱኑ እያየሁ እንቅልፍ ይወስደኛል። ትእዛዝ የምቀበለው በቴሌግራም ነው። አሜሪካ ያሉ ደንበኞቼ በእኛ እኩለ ሌሊት «እህት፣ ልብሱ ከምን ደረሰ?» ብለው ይጽፋሉ። ካልመለስኩ ወደ ሌላ ሰው የሚሄዱ ይመስለኛል። ለእነሱ ልመልስ ብዬ ስከፍት ቲክቶክ ላይ እንዳፈጠጥኩ ሌሊቱ 7 ሰዓት ይሆናል። የሀገሩ ወሬም አለ፤ የት መንገድ ተዘጋ፣ የት ምን ተፈጠረ የሚለውን ሳላይ አልተኛም።

በጥምቀት ሰሞን የደንበኛ ጥበብ እየቆረጥኩ መልእክት ገባ። አየት አድርጌ ስመለስ ቀሚሱን 8 ሳንቲ አሳጥሬ ቆረጥኩት። ከኪሴ ከፍዬ ተካሁ።

ከዚያ እናቴ ከደምቢያ መጥታ ሦስት ቀን ሰነበተች። እንዝርቷን ይዛ ሳሎን ቁጭ ብላ ስትፈትል፣ እኔ አጠገቧ ስልኬን እያየሁ «እህ» «እሺ» እላታለሁ። ቡና አፍልቼላት እንኳ ስልኬን ሳይ ጀበናው ገንፍሎ ፍሙን አጠፋው። የሄደች ዕለት መናኸሪያ ላደርሳት ስንወጣ ስማኝ «በይ እንግዲህ፣ ስልክሽን ሰላም በይልኝ» አለችኝ። ስቃ ነው ያለችው። እኔ ግን ማታ አለቀስኩ።

ስልኩን ሸጬ በተን ስልክ ልይዝ አስቤያለሁ። ግን የልጄ ትምህርት ቤት የቤት ሥራ የሚልከው በቴሌግራም ነው። ክፍያዬ በቴሌብር ነው። እህቴ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች፤ የምንገናኘው በዋትስአፕ ብቻ ነው። ትንሿ ልጄ ዩቲዩብ ካልተከፈተላት አትጎርስም። ባለቤቴ «ገዳም ልትገቢ ነው እንዴ?» እያለ ይስቅብኛል። በ2015 ነሐሴ ዳታ ተቋርጦ ወራት ስንቆይ እንቅልፌ ተስተካክሎ እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ ሥራዬም ግን አብሮ ሞቶ ነበር። አሁን የባለቤቴ የአክስት ልጅ ስልኩን ልግዛሽ እያለኝ ነው። ልሽጥለት?

ልብስ ሰፊዋ፣ ከጎንደር

መልስ

እህቴ፣ አትሽጪው። ቢያንስ አሁን አትሽጪው። ምክንያቱን እነግርሻለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ስለ እናትሽ አንድ ነገር።

እናትሽ ያለችው ሦስት ቀን ሰንብታ ልጇን ሳትጠግብ የሄደች እናት ቀልድ ነው። ብትቀየም ኖሮ ዝም ብላሽ ነበር የምትሄደው። ማልቀስሽ አይገርመኝም። የምፈራው ዕንባው ሳይደርቅ ስልኩን እንዳትሸጪው ነው። እንዲህ የተሸጠ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው በሌላ ይተካል፤ ያውም በተሻለ ቀፎ። ትእዛዙም፣ የቤት ሥራውም፣ ቤይሩት ያለችው እህትሽም የትም አልሄዱማ።

እስቲ ደግሞ ይህን አስቢልኝ። ሌሊት ስልኩን ስታነሺ ልብሽ የሚፈልገው የትኛውን ነው? ደንበኛዋን ነው? ወሬውን ነው? ወይስ ልጆቹ ተኝተው፣ ዕቃው ታጥቦ፣ ማንም «እማዬ» የማይልሽን ያቺን አንድ ሰዓት? ሦስተኛው ከሆነ ስልኩን ብታርቂውም ያ ሰዓት የአንቺ ሆኖ መቆየት አለበት። እመለስበታለሁ።

የ2015ቱን ማንሳትሽ ጥሩ ነው። ያኔም ስማርት ስልኩ እጅሽ ላይ ነበር፤ የጠፋው ዳታው ነው። እንቅልፍሽ የተመለሰው ከተማው በሙሉ አብሮሽ ጠፍቶ ስለነበር ነው። ደንበኛውም ዘመድም «እዚያ ኔትወርክ የለም» ብሎ ስለሚያውቅ ማንም መልስሽን አይጠብቅም ነበር። አሁን ብቻሽን ብትጠፊ ግን ደንበኛዋ «ብሬን በልታ ጠፋች» ትላለች፣ እህትሽ ትደነግጣለች፣ መምህሩ ግዴለሽ ወላጅ ያደርግሻል። ስለዚህ ከሥራው ግማሹ ለሰው አስቀድሞ መንገር ነው። ብዙ ሰው ይህን ይዘልና ቀፎ ብቻ ቀይሮ ይጀምራል፤ በሦስተኛው ቀን የሚመልሰው የሰው ቅያሜ ነው።

ቀጥሎ ሲንጀርሽን አስቢያት። የቤትሽ እንጀራ የሚወጣው ከእሷ ነው፤ ግን ታክሲ ውስጥ ይዘሻት አትገቢም፣ አልጋ ውስጥም ይዘሻት አትተኚም። ሥራዋን ስትጨርስ ጨርቅ ትለብሳለች። ስማርት ስልክሽም እንደ እሷ የሱቅ ዕቃ ይሁን ነው የምልሽ። የመስመር ስልክ በነበረበት ዘመን ስልኩ ዳንቴል ለብሶ ሳሎን ጥግ ይቀመጥ ነበር፤ ሲጮህ የሚሄደው ሰው ነው። ከአንቺ ጋር አዘዞ ወርዳ አራዳ የምትወጣው በተኗ ትሁን።

መቼ ትጀምሪ? ከዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ሳምንት። ይህን የምልሽ ስለ መንፈሳዊው ነገር አይደለም፤ እሱን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት። በ55ቱ ቀን ሠርግ ስለሌለ የአንቺ ሥራ የሚቀዘቅዘው ያኔ ነው። ጥምቀትና የጥር ሠርግ አልፏል፣ የፋሲካ ትእዛዝ የሚጠነክረው ደግሞ ወደ ጾሙ መጨረሻ ነው። በገበያ መሐል የተጀመረ ሙከራ በአንድ የተናደደች ደንበኛ ይፈርሳል።

ከመጀመርሽ በፊት ሦስት ቀን ምንም ሳትቀይሪ ቁጠሪ። ስልክሽ አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ «ዲጂታል ዌልቢይንግ» የሚል አለ፤ በቀን በየትኛው መተግበሪያ ስንት ሰዓት እንደቆየሽ፣ ስልኩንም ስንት ጊዜ እንደከፈትሽ ያሳይሻል። ቁጥሩን የመለኪያ ደብተርሽ ጀርባ ላይ ጻፊው። ከጎኑ ደግሞ ስልኩ የማያውቀውን ጻፊ፦ ከመክፈትሽ በፊት ምን ላይ ነበርሽ? ክር ስታስገቢ? ታክሲ ስትጠብቂ? ከባለቤትሽ ጋር ቃል ተለዋውጠሽ? ሦስት ቀን ከተጻፈ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ እየተደጋገመ ይመጣል። መያዝ ያለብሽ እነሱን ነው።

አሁን ወደ ሲሙ እንምጣ፤ ብዙ ጣጣ ያለው እዚህ ነው። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ቁጥርሽ፣ ማለትም ቴሌብርና ባንክ የተመዘገበበት፣ ወደ በተኗ ይግባ። ለስማርት ስልኩ ሁለተኛ ሲም አውጪና ለዳታ ብቻ ተጠቀሚበት። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ከስልኩ ላይ እስካላጠፋሻቸው ወይም ከአካውንትሽ እስካልወጣሽ ድረስ ሲሙ ቢነሳም በድሮው ቁጥርሽ መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። «ቁጥር ቀይሪ» የሚል ነገር ቢመጣ አትንኪው። ሲሙን ከመንቀልሽ በፊት ግን ቴሌግራም ላይ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ገብተሽ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን ክፈቺና የይለፍ ቃል አውጪ፤ ቃሉን ደብተር ላይ ጽፈሽ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፊበት። ቻናልሽ ንብረትሽ ነው፤ አንድ ቀን እንደገና ለመግባት የሚመጣው ኮድ የት እንደገባ ስትፈልጊ ደንበኛ ታጫለሽ።

የስማርት ስልኩ ሲም ናኖ ነው፤ ትንሿ። አብዛኛው በተን ስልክ የሚቀበለው ትልቁን ስለሆነ አዳፕተር የምትባለዋን የፕላስቲክ ክፈፍ ያስፈልግሻል። ሲሟ ክፈፏ ውስጥ ልል ከሆነች ከጀርባዋ፣ ከወርቃማው ፊት በተቃራኒ፣ ስስ ፕላስተር ለጥፊባት። ባዶ ክፈፍ በጭራሽ እንዳታስገቢ፤ ስትስቢው የስልኩን ውስጥ ጥርሶች ይዞ ያጣምማቸዋል፣ ከዚያ ስልኩ «ሲም አስገባ» እያለ ይቀራል። በበተን ስልክ ላይ የሚደርስ አንዱ ብልሽት ይኸው ነው፤ ሻጩም «ድሮውኑ አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» ይልሻል። ስትገዢ ሁለት ሲም የሚቀበል፣ ባትሪው የሚወጣ ይሁን። *#06# ብለሽ የሚወጣው ቁጥር ከባትሪው ሥር ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑን እዚያው ቆመሽ አመሳክሪ።

ስሞቹን ወደ ሲም ስትገለብጪ ሁሉም አይገባም፤ ሲም የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ 250 ገደማ ነው። በግዕዝ ፊደል የጻፍሻቸው ስሞች ደግሞ ብዙ በተን ስልኮች ላይ ሣጥን ሣጥን ሆነው ነው የሚታዩት። ስለዚህ 40 የሚሆኑ የምትደውይላቸውን ሰዎች በእንግሊዝኛ ፊደል፣ አጠር አድርገሽ ጻፊ፤ ሌላው ደብተር ላይ ይቀመጥ። መልእክትም እንደዚያው ነው። በአማርኛ ፊደል አንድ ኤስኤምኤስ የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል 160። ረዘም ያለ ነገር ካለሽ መደወል ይሻልሻል።

ቴሌብር ያለ ኢንተርኔት በ*127# ይሠራል። የንግድ ባንክ ደንበኛ ከሆንሽም *889# አለልሽ። ሁለቱም በበተን ስልክ ይሠራሉ። አንድ መጠንቀቅ ያለብሽ ነገር አለ፦ ኔትወርክ ሲደክም ምስጢር ቁጥሩን ካስገባሽ በኋላ መስመሩ ሊቋረጥ ይችላል። ወዲያው ደግመሽ አትላኪ። ቀሪ ሒሳብሽን አይተሽ፣ መልእክት መግባት አለመግባቱን አረጋግጠሽ ከዚያ ድገሚ፤ ሁለት ጊዜ የሚከፍለው ሰው ሁሉ የተቻኮለው ነው። ደግሞ በተኗ ከስማርት ስልኩ የምትሻልበት ነገር እዚህ ላይ አለ። ደንበኛ የሚልክልሽ የክፍያ ፎቶ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው። አንቺ ልብሱን የምታስረክቢው ግን ከ127 ወይም ከባንክሽ መልእክት ሲገባና ሒሳብሽ ላይ ብሩን ስታዪው ይሆናል።

አሁን ደንበኞችሽ። እኩለ ሌሊት የሚጽፉልሽ ችኮላ ይዟቸው ነው ብለሽ አስበሻል፤ ነገሩ የሰዓት ልዩነት ነው። ዋሽንግተን ከእኛ በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። አሁን በእነሱ ክረምት የእኛ ሌሊት 6 ሰዓት ለእነሱ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፣ ሥራ እየጨረሱ ስልካቸውን የሚያነሱበት። መልሱን በዚያው ደቂቃ የሚጠብቁ አይመስለኝም፤ እንዲጠብቁ ያስለመድሻቸው አንቺ ነሽ። እዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን እዚያ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ሱቅ ከመዝጋትሽ በፊት ያለችው ያቺ ሰዓት ለሁለታችሁም ትመቻለች። መጋቢት መጀመሪያ ላይ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ 4 ሰዓት ይሆናል፤ ያው ነው።

ቻናልሽ ላይ ይህን የመሰለ ጽሑፍ ከላይ ስቀይው፦ «መልእክት የማየው ከጠዋቱ 4 እስከ 5 እና ከቀኑ 11 እስከ 12 ሰዓት ነው፣ በጎንደር ሰዓት። ልኬት ወይም ቀለም መቀየር የፈለገ ግን ይደውልልኝ።» ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር እንዳይቀር። እውነተኛው አስቸኳይ ነገር መቀስ ሳያርፍበት መድረስ ያለበት ነው፤ ለእሱ ደግሞ ጥሪ ይሻላል። አዲስ ሥራ ማታ መለጠፍ ከለመድሽ ቴሌግራም ላይ የመላኪያዋን ቀስት ተጭነሽ ስትቆዪ ሰዓት ቀጥሮ መላክ የሚል ይመጣል፤ ቀን ሱቅ ሆነሽ ጫኚው፣ ማታ ራሱ ይለጠፋል። በዋትስአፕ የምትሸጪም ከሆነ ዋትስአፕ ቢዝነስ በነፃ «አሁን የለሁም» የሚል መልስ በራሱ ይልክልሻል።

ለዚያች ለ8 ሳንቲዋ ደግሞ ይኸው፦ ለአንድ ደንበኛ አንድ ገጽ። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ትከሻ፣ እጅጌ፣ ቁመት፣ የጥለቱ ቀለም፣ ቀብድ፣ የመረከቢያ ቀን። በቻት የመጣውን በእጅሽ ገልብጪና ከመቁረጥሽ በፊት ደውለሽ አንብቢላት። መቀስ ከማንሳትሽ በፊት ስማርት ስልኩ መሳቢያ ይግባ፣ ድምፁም ይጥፋ። ጠረጴዛው ላይ ፊቱን ደፍተሽ ማስቀመጥ አይበቃም፤ ሲንቀጠቀጥ በእንጨቱ በኩል ክንድሽ ይሰማዋል።

ዳታውን በተመለከተ የሌሊት ፓኬጅ መግዛት ተዪ። ርካሽ ነው፣ ግን ርካሽነቱን የምትከፍይው በእንቅልፍሽ ነው። የ24 ሰዓቱም እንደዚያው፤ «ሳይቃጠል ልጨርሰው» ያሰኛል። ሱቅ ውስጥ ለምትጠቀሚበት ትንሽ የሳምንት ፓኬጅ ይበቃሻል። የቴሌግራምን «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ገብተሽ ቪዲዮና ፎቶ በራሱ እንዳያወርድ ዝጊው። ቲክቶክን አጥፊው። አካውንትሽ አይጠፋም፣ የሚጠፋው መንገዱ ነው። የጥልፍ ሞዴል የምታዪበት ከሆነ ሰኞ ጠዋት ሱቅ ውስጥ፣ 30 ደቂቃ፣ በብራውዘር ገብተሽ የወደድሽውን ፎቶ አስቀሪና ውጪ።

እህትሽ። እዚህ ላይ ቀስ በዪ። ሰው ቤት የምትሠራ ሴት ሰዓቷ የራሷ አይደለም፤ ስልክ የምታገኘው አሠሪዎቿ ሲተኙ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀጠሮውን እሷ ትምረጥ፣ አንቺ ተመቻቺላት። የእሁድ ከሰዓት ቡና ላይ ከተመቻት ስማርት ስልኩ ያን ቀን ቤት ይምጣ፤ ቡፌው ላይ ተደግፎ ሁላችሁንም ትያችሁ፣ እናትሽም ካለች ጭምር። ከቀጠሮ ውጭ ችግር ከገጠማት በተኗ ላይ አንዴ ደውላ ትዝጋ። ሚስድ ኮሉ «ዋትስአፕ ክፈቺ» ማለት ነው ተባባሉ። ይህን ከመጀመርሽ በፊት፣ ሳትቸኩይ፣ በድምፅ ንገሪያት። ድንገት መልስ ብታጣ ምን ሊሰማት እንደሚችል ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ስማርት ስልኩ ሌላው ሌሊት ሁሉ ቤት ቢመጣም ተዘግቶ እዚያው ቡፌው ላይ ይደር፤ ሱቅሽ ሌብነት ካለበት አካባቢ ከሆነ ማምጣቱ ይሻላል።

የትምህርት ቤቱ ቀላል ነው። ግሩፑን ድምፁን አጥፊውና ከቀኑ 11 ሰዓት አንዴ እዪው። ለመምህሩ የበተኗን ቁጥር ሰጥተሽ «አስቸኳይ ካለ ደውሉልኝ» በዪ። ልጁም 9 ዓመቱ ነው፤ የቤት ሥራውን ከሰሌዳ ደብተሩ ላይ መገልበጥ ይችላል። ለዕድሩና ለለቅሶው አታስቢ፤ ለቅሶ ጎረቤት ሳይነግርሽ የሚያልፍሽ አዘዞ ውስጥ አይደለም።

ትንሿ ልጅሽ ግን ጊዜ ትፈልጋለች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች ቁጭ ብለው ስክሪን የሚያዩበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰም ቁጥር እንደሚሻል ይመክራል። የእሷ ጣጣ ከሰዓቱም ያልፋል። ቪዲዮ እያየች ስትጎርስ አፏ እንጂ ሆዷ አይሰማትም፤ መራቧንም መጥገቧንም አታውቀውም። በአንድ ቀን አትንጠቂያት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ቁርስ ላይ ብቻ ስልኩን ፊቱን ደፍተሽ ዘፈኑ ይሰማ፣ ምስሉ አይታይ። በሚቀጥሉት ሦስት ቀናት ድምፁም ይቅር። ከዚያ ምሳ፣ በመጨረሻ እራት። ከምግብ በፊት ሁለት ሰዓት ያህል ብስኩትና ጁስ አትስጫት፤ ሳትራብ ከቀረበች ጦርነቱን ትሸነፊያለሽ። ፍትፍቱን ትንሽ አድርገሽ በራሷ እጅ ትጉረሰው፣ ትድፋውም። 20 ደቂቃ ቆይተሽ ካልበላች ሳትቆጪ ሳሕኑን አንሺ። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ታለቅሳለች፣ ያነሰ ትበላለች። የሚያበላሸው በሦስተኛው ቀን «ትራብብኛለች» ብሎ የሚከፍትላት ሰው ነው፤ ያኔ የምትማረው እስከ ሦስተኛው ቀን ማልቀስን ነው። ስለዚህ ለአያትም ለሠራተኛም አስቀድመሽ ንገሪ። ክብደት እየቀነሰች ከመጣች ወይም ያለ ስልክም ምግብ ስትውጥ የምትቸገር ከሆነ ጤና ጣቢያ ውሰጃት።

ባለቤትሽ ይሳቅ። «አንተም ተው» ካልሽው ይከራከርሻል፣ ነገሩም የእናንተ ጠብ ይሆናል። አንዲት ነገር ብቻ ለምኚው፦ ገበታ ቀርቦ እስኪነሳ ስልኩ ቡፌው ላይ ከአንቺው ጋር ይቀመጥ። እሺ ካለ ሌላ አትጨምሪበት። ኳስ ያለ ዕለት ደግሞ ሕጉን እንደማያከብር ከአሁኑ እወቂው።

ወሬው። መንገድ ሰላም መሆኑን ማወቅ እናንተ ዘንድ ቅንጦት አይደለም፤ እናትሽ ከደምቢያ የምትመላለሰው በዚያው መንገድ ነው። ግን ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ያነበብሽው ስንቱ እውነት ሆኖ አገኘሽው? ስንቱስ የቆየ ቪዲዮ እንደገና የተለጠፈ ነበር? የመንገዱን ነገር የሚያውቀው ዛሬ ጠዋት የነዳበት ሾፌር ነው። በዚያ መስመር የሚሠራ የአንድ ሾፌር ቁጥር በተኗ ላይ ይኑርሽ፣ እናትሽ ከመነሳቷ በፊት ደውይለት። ለቀረው ማታ ሬዲዮ ክፈቺ፤ የሬዲዮ ዜና ሰዓቱ ሲደርስ ያልቃል።

ለመኝታ ቤት የማንቂያ ሰዓት ግዢ፣ አንድ የባትሪ ድንጋይ የምትበላዋን። በተኗም ማንቂያ አላት፣ ግን በመጀመሪያው ወር እጅሽ ጨለማ ውስጥ ማንኛውንም ስልክ እንዳይነካ ነው የምፈልገው። የመጀመሪያዎቹ 5 ወይም 6 ቀናት ከባድ ናቸው። ስልክ የሌለበት ኪስሽ የተንቀጠቀጠ ይመስልሻል፣ ታክሲ ውስጥ እጅሽ ሥራ ይፈታል፣ ማታ ይከፋሻል። እያለፈ ይሄዳል። ያቺን የራስሽን ሰዓት ግን አትልቀቂያት። ልጆቹ ሲተኙ ለደንበኛ ያልሆነ፣ ለራስሽ ነጠላ የምትጠልፊው ጥልፍ ይኑርሽ፣ ወይም ዝም ብለሽ በረንዳ ላይ ተቀመጪ። እስቲ ልጠይቅሽ፦ እናትሽ የፈተለችውን ልቃቂት ጥላልሽ ሄዳለች?

በአንዱ ሌሊት ተሸንፈሽ ቲክቶክ ብትመልሺ ሁሉንም እንዳትጥይው። ደብተሩ ላይ ቀኑን ጻፊ፣ ከመክፈትሽ በፊት ምን እንደነበረም ጻፊ፣ ጠዋት አጥፊው።

ለአክስቱ ልጅ «ከፋሲካ በኋላ እናወራለን» በዪው። ያኔም ልሽጠው ካልሽ፣ ቻናልሽን መጀመሪያ ሌላ ስልክ ላይ ክፈቺና መግባቱን አረጋግጪ። ፎቶዎቹን፣ በተለይ የደንበኞችሽን ልኬት፣ ገልብጪ። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ «አካውንትስ» ገብተሽ የጉግል አካውንትሽን ከስልኩ ላይ አስወግጂው፣ ሙሉውን መደምሰስ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አካውንቱን ሳታስወግጂ ስልኩን ከደመሰስሽው ሲከፈት የአንቺን ኢሜይልና የይለፍ ቃል ሊጠይቅ ይችላል፣ የአክስቱም ልጅ እኩለ ሌሊት በበተኗ ላይ እየደወለ «ፓስዎርዱ ማን ነበር?» ይልሻል።